ጥያቄና መልስ፦ ሰሜን ሸዋ ላይ የሴቶችን አቅምና አመጋገብ ስንለካ

ጥያቄ፦ ባሶና ወራና ላይ የሥራ ጊዜ መጠይቅ ሞልተን ስናየው ግማሾቹ ሴቶች እስከ ረፋድ የተኙ ይመስላሉ። የት ሳትን?

መልስ፦ ሰዓቱ ነው ጉድ የሠራችሁ። ታብሌቱ በፈረንጅ ሰዓት፣ ሴትዮዋ በሐበሻ ሰዓት። «11 ሰዓት ተነሣሁ» ስትል ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው ግን 11:00 ላይ ይሞላውና ስድስት ሰዓት ሙሉ ይጠፋል። የዊአይ (WEAI፣ የሴቶችን አቅም በግብርና ውስጥ የሚለካው መለኪያ) መጠይቅ የሚጀምረው ካለፈው ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲሆን፣ ቀኑ በ15 ደቂቃ ተከፋፍሎ 96 ሳጥን ይወጣዋል። ሳጥኖቹን በእኛ ሰዓት አዘጋጁ፤ መቀየሩን ለኮምፒዩተሩ ተዉት። ሰዓት ለማታይ «ከብት ሲወጣ»፣ «ከቡና በኋላ» እያላችሁ አስታውሷት።

ሌላው የሚረሳው ኩበት ነው። ደጋው ላይ ማገዶው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሰብሳቢው «ማገዶ» ሲባል እንጨት ብቻ ይታየዋል። እበት መልቀሙም መጠፍጠፉም ከቤት ሥራ ይቆጠር። ልጅ አዝላ 2 ሰዓት ከጠፈጠፈች፣ በፕሮ-ዊአይ (ለፕሮጀክቶች በተዘጋጀው የዊአይ ዓይነት) አሠራር ልጅ የመያዙ ግማሽ ይደመርና 3 ሰዓት ይሆናል። የቀኑ ድምር 10.5 ሰዓት ካለፈ የሥራ ጫና አለባት።

ጥያቄ፦ «ማን ይወስናል?» ስንል ሁሉም «ተመካክረን» ይሉናል።

መልስ፦ የጨዋ መልስ ነው እህቴ፤ በእንግዳ ፊት ባሏን ማሳነስ አትፈልግም። ጥያቄውን በየነገሩ በትኚው፦ ገብስ ለብቻ፣ በግ ለብቻ፣ እንቁላል ለብቻ። ቀጥለሽ «ብትፈልጊ ምን ያህል በራስሽ መወሰን ትችያለሽ?» በያት። የመሬት ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን መኖሩ ባለቤትነትን ያሳያል፤ መሬቱ ለእኩል አራሽ ሲሰጥ የማን ቃል እንደጸና ግን አይናገርም።

ጥያቄ፦ ጠዋት የገብስና የባቄላ ቆሎ፣ ምሳ እንጀራ በድንች ወጥ፣ ማታ እንጀራ በሽሮ። ስንት የምግብ ምድብ ሆነ?

መልስ፦ ቢበዛ ሦስት። እህልና ድንች አንድ ምድብ ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ባቄላውና ሽሮው ሁለተኛ። የወጡ ሽንኩርት ቢያንስ 15 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከደረሳት ሦስተኛ። በርበሬ አይቆጠርም፤ ቅቤም ከስብ እንጂ ከወተት ምድብ አይገባም። የሐበሻ ጎመን ቢጨመር 4፣ ተልባ ቢጨመር 5 ይሆናል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት ምግቡ በ10 ምድብ ይቆጠራል፤ ዝቅተኛው ልክ 5 ነው። በዚህ ግን አንዲትን ሴት ለይታችሁ «ተጎድታለች» አትበሉ፤ መለኪያው የሚያገለግለው ከብዙ ሴቶች ስንቶቹ ልኩን እንደደረሱ ለማየት ነው።

ጥያቄ፦ ጾሙስ?

መልስ፦ ሐሙስ የምትጠይቀው የረቡዕን፣ ቅዳሜ የምትጠይቀው የዓርብን ምግብ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲወጡ ከ10ሩ 7 ይቀራል። የመነሻውን ጥናት በሁዳዴ 55 ቀን ውስጥ፣ የማጠቃለያውን ከትንሣኤ በኋላ የሠራ ፕሮጀክት ቁጥሩ ሲያድግ ይጨፍር ይሆናል፤ ያበላቸው ግን ፋሲካው ነው። ሁለቱንም በአንድ ወቅት ሥሩ፣ ቀኖቹን አሰባጥሩ፣ «ጾም ወይስ ፍስክ» የሚል ዓምድ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ የድብደባ ጥያቄ ጋ ስንደርስ ባል አልወጣም ቢልስ?

መልስ፦ አትጠይቁ። ወሬውን ወደ ልጆች ክትባት አዙሩት። ካልሄደ ይህን የመጠይቁን ክፍል ዝለሉና «አልተጠየቀም» ብላችሁ መዝግቡ፤ «የለም» ተብሎ እንዳይገባ። ከአንድ ቤትም ይህን ጥያቄ የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት።