አፈር «ብርቅዬ» ይባላል ወይ?

የዛሬዋ ጠያቂ የፊዚክስ አስተማሪ ናት። የጻፈችልኝ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ደብዳቤዋን አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ጋሼ፣ ለተማሪዎቼ በአማርኛ ገለጻ ላደርግ ነው። ርዕሱን ‹የብርቅዬ የምድር ማዕድናትና የአክቲናይዶች ኅብረ ቀለም› አልኩት። አንድ ባልደረባዬ ‹ኅብረ ቀለም የሠርግ ድንኳን ነው፤ ስፔክትሮስኮፒ በይው› አለኝ። ሌላው ደግሞ ‹አክቲኒድ እንጂ አክቲናይድ አይባልም› ብሎ ተከራከረኝ። ማንኛችን ነን ልክ? ደግሞስ ‹ብርቅዬ› የሚለው ትክክል ነው?»

የመጨረሻዋን ጥያቄ እንደ ዋዛ ነው ጣል ያደረግሻት። እኔ ግን እሷ ላይ ስደርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ስለ «ብርቅዬ» የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ከእሷ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ለሌላው አንባቢ ግን ነገሩን ላስተዋውቅ፦ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት የምንላቸው ፈረንጆቹ «ሬር ኧርዝ» የሚሏቸው ናቸው፤ ሲሪየም፣ ኒዮዲሚየምና መሰሎቻቸው ያሉበት የንጥረ ነገሮች ቤተሰብ። አክቲናይዶች ደግሞ ቶሪየምና ዩራኒየም ያሉበት ቤተሰብ ነው። ስፔክትሮስኮፒ ብርሃንን በትኖ ንጥረ ነገሮችን በሚያሳዩት ብርሃን መመርመር ነው።

«ብርቅዬ» ሲባል መጀመሪያ ምን ይመጣብሻል? ዋልያ። ጭላዳ ዝንጀሮ። ቀይ ቀበሮ። ቃሉ ከእነዚህ ጋር ተጋብቷል። ሌላ አገር የማይገኝ፣ እንዳይጠፋብን የምንሳሳለት ማለት ሆኗል። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ዬ» ደግሞ ተመልከቻት። ወንድምዬ፣ እናትዬ፣ ጋሽዬ ስንል የምናመጣት ናት። የቁልምጫ ናት። «ብርቅ» ያለ እሷም ሙሉ ቃል ነው። ልጁን ብርቅነሽ ብሎ የሰየመ አባት «ዬ»ን አልፈለጋትም። ዋልያን ቢያቆላምጡት አልቃወምም፣ ያምርበታል። ለሲሪየም ኦክሳይድ ዱቄት ግን ቁልምጫ ምን ይሠራለታል?

ደግሞ ብርቅም አይደለም! በምድር ቅርፊት ውስጥ ያለው ሲሪየም ከመዳብ ጋር የሚቀራረብ ነው። ከቤተሰቡ አባላት ጥቂት ነው የሚባለው ቱሊየም እንኳ ከብር ይበልጣል። ከመሃላቸው የእውነት የማይገኘው ፕሮሜቲየም ነው፤ እሱ የረጋ አይሶቶፕ (የማይፈርስ የአተም ዓይነት) ስለሌለው በየጊዜው ይጠፋል። የቀሩት ሞልተዋል። ችግሩ መለያየታቸው ነው። በኬሚካዊ ጠባይ እንደ አንድ እናት ልጆች ስለሚመሳሰሉ አንዱን ከአንዱ መነጠል አበሳ ነው። ስም አውጪዎቹም ይህን አልደበቁም። «ላንታነም» ከግሪክኛው የተሸሸገ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። «ዲስፕሮሲየም» ደግሞ ለማግኘት የሚያስቸግር ማለት ነው። እንግዲህ «ብርቅ» የፈረንጆቹ ስህተት ነው። እኛ ስህተቱን ተቀብለን በላዩ ላይ አቆላመጥነው።

ወደ «ምድር»፣ ማለትም ወደ ፈረንጆቹ «ኧርዝ»፣ ልለፍ። ነገሩ የጀመረው በ1787 ስዊድን ውስጥ ኢተርቢ በምትባል መንደር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ መኮንን ጥቁር ድንጋይ አገኘ። በ1794 ዮሃን ጋዶሊን የተባለ ኬሚስት ድንጋዩን መርምሮ አዲስ «አፈር» አለበት አለ። መንደሯ በስሟ አራት ንጥረ ነገሮች አስጠርታለች፦ ኢትሪየም፣ ተርቢየም፣ ኤርቢየም፣ ኢተርቢየም። አንዲት መንደር አራት ጊዜ! የእኛዎቹ ከተሞች አንድም አልደረሳቸው።

በዚያ ዘመን ኬሚስት «አፈር» ሲል ፕላኔቷን ማለቱ አልነበረም። በእሳት የማይለወጥ፣ በውሃ በቀላሉ የማይሟሟ፣ ብረት የማይመስል ዱቄት ማለቱ ነው። ዛሬ ኦክሳይድ የምንለው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚየር በ1789 አፈሮችን ሲቆጥር ኖራ አንዱ ነበር። ይህ ለሐረር ሰው አዲስ አይደለም። የጀጎልን ግድግዳ የሚያነጣው ኖራ ነው። በሐረሪ ቤት ውስጥ መደቡ የሚቀባውም ቀይ አፈር ነው። የምናውቀው አፈር ማለት ይኸው ነው፦ የሚፈጭ፣ የሚበጠበጥ፣ የሚቀባ።

ስለዚህ ትክክለኛው ትርጉም «ብርቅ አፈር» ነው። «የምድር ማዕድን» ግን ምንም አይነግረንም። የጨረቃ ማዕድን ከየት ልናመጣ ነው? «ማዕድን»ም ቦታው አይደለም። ማዕድን ማለት ድንጋዩ ነው፤ ለምሳሌ ሞናዛይት። ሲሪየምና ኒዮዲሚየም በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። አክቲናይዱ ቶሪየምም እዚያው ስለሚገኝ አክቲናይዶቹ ባንቺ ርዕስ ውስጥ እንዲሁ በጎረቤትነት አልገቡም። «ንጥረ ነገር» የሚለውን ደግሞ እወደዋለሁ። ቅቤ ሲነጠር ያየ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

ስሙን የማልጠራው አንድ ወዳጄ በዚህ ይስቅብኛል። «አፈር ያልከው እንደሆነ ሰው የሚሰማው ቀብር ነው» ይላል። «አፈር ስሆን ብላ» የምንልበት አገር ውስጥ አፈርን የሳይንስ ቃል ማድረግ አይሆንም ባይ ነው። እኔ ደግሞ እለዋለሁ፦ ፈረንሳዮቹ «ቴር ራር» ይላሉ፤ «ቴር» የሚረገጠውም የሚቀበርበትም ነው። ማንም አላለቀሰም። ቃል በሁለት ቤት ቢያድር ነውር የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ ድክመቴን ልናዘዝ። «ዬ»ን እንጂ «ብርቅ»ን መጣል አልቻልኩም። ስህተት መሆኑን ከላይ ራሴ አሳይቻለሁ። ግን ግእዙን እዪ፦ «በረቀ» ማለት ብልጭ አለ ነው። መብረቅ ከዚያ ነው። ዓረብኛውም «በርቅ» ይላል፣ ዕብራይስጡም «ባራቅ»። እኔ ብርቅም የዚሁ ቤተሰብ ነው ባይ ነኝ፤ ብልጭ ብሎ ዓይን የሚይዝ። ማስረጃ አምጣ ካልሽኝ ያለኝ የሦስቱ ሥር ፊደላት መመሳሰል ብቻ ነው። የፊደል መመሳሰል ዝምድና እንዳልሆነ ለተማሪዎቼ ዕድሜ ልኬን አስተምሬያለሁ። በዚህ ቃል ላይ ግን ልቤ እምቢ አለ። ምክንያቱም እነዚህ አፈሮች የታወቁት በብልጭታቸው ነው። በፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ ቀዩን የሚሰጠው ዩሮፒየም ነው፤ አረንጓዴውን ተርቢየም። ስህተቱ ራሱ ወደ እውነቱ የሚወስድ ከሆነ ምን ላድርግ?

አሁን ወደ ሠርጉ ድንኳን። ባልደረባሽ ቀልዱ አስቆኛል፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሳተው። «ስፔክትረም» ላቲን ነው። ከማየት የመጣ ቃል ነው፤ መታየት፣ እንዲያውም እንደ መንፈስ ብቅ ማለት። ኒውተን ብርሃኑን በፕሪዝም ሲበትነው ይህን ስም ሰጠው። እኛ «ኅብረ ቀለም» አልነው። «ኅብር» ግን ማበር ነው፣ አንድ መሆን ነው። ስፔክትሮስኮፒ ደግሞ ሥራው መበተን ነው። ትርጉሙ የተገላቢጦሽ ሆነ ማለት ነው። ሌላም ጣጣ አለ። የኒዮዲሚየም ሌዘር ብርሃኑ 1064 ናኖሜትር ላይ ነው። ያንን ዓይን አያየውም። ቀለም የሌለውን ኅብረ ቀለም ማለት እንዴት ይሆናል?

ያም ሆኖ ኅብር የቅኔ ቤት ቃል ነውና አይጠላኝም። በቅኔ ኅብር ማለት ሰሙንም ወርቁንም በአንድ ቃል አዝሎ የሚሄድ ነው። ሞሳንደር የተባለው ስዊድናዊ በ1840ዎቹ መጀመሪያ አንድ ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ «ዲዲሚየም» አለው። መንታ ማለቱ ነው፤ የላንታነም መንታ። በኋላ ግን ከተለያየ ድንጋይ የወጣው ዲዲሚየም በተበተነ ብርሃን ሲታይ በስፔክትረሙ ላይ ያሉት መስመሮቹ አንድ አልሆን አሉ። በ1885 ኦስትሪያዊው ኬሚስት አውየር ፎን ቬልስባክ ለሁለት ከፈለው፦ ፕራሲዮዲሚየም፣ አረንጓዴው መንታ፤ ኒዮዲሚየም፣ አዲሱ መንታ። ለካ መንታ ያሉት በሆዱ መንታ ይዞ ኖሯል! ይህ ኅብር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሰሙን ከወርቁ የለየው ደግሞ ብርሃን ነው።

የነዚህ መስመሮች ምሥጢር ያለው በአተሙ ውስጥ 4ኤፍ በሚባሉት ኤሌክትሮኖች ነው (ቁጥሩና ፊደሉ የኤሌክትሮኖቹ ማደሪያ ስም ነው)። ከ5ኤስና ከ5ፒ ኤሌክትሮኖች ሥር ጋቢ እንደተከናነበ ሰው ተሸፍነው ይቀመጣሉ። ውጭ ያለው ጎረቤት ብዙም አይነካቸውም። ስለዚህ መስመሮቻቸው ቀጫጭንና ጥርት ያሉ ናቸው። በአክቲናይዶቹ በኩል 5ኤፎቹ፣ በተለይ ከዩራኒየም አካባቢ ያሉት፣ ከጋቢው ብቅ ይላሉ። ጎረቤት ይነካካቸዋል፣ መስመሮቹም ይሰፋሉ። ወደ አክቲናይዶቹ ሰልፍ መጨረሻ ሲደርስ ደግሞ እንደ ላንታናይዶቹ (ከላንታነም ጀምረው እንደተሰለፉት ብርቅ አፈሮች) ይከናነባሉ። ለተማሪዎችሽ ጀጎል ውስጥ ያለውን የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት አስታውሻቸው። ፎቁ ላይ ባለቀለም መስታወት አለ። በቀዩ ያየ ሰው ከተማውን በሙሉ ቀይ ያደርገዋል። የዲዲሚየም መስታወት እንደዚያ አይደለም። 589 ናኖሜትር አካባቢ ያለችውን የሶዲየም ቢጫ ለቅሞ ያስቀርና ሌላውን አብዛኛውን ያሳልፋል። መስታወት ነፊዎች መነጽር የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ከዓመታት በፊት «ትንተና ኅብር» የሚል ቃል ለስፔክትሮስኮፒ ፈጥሬ ነበር። አስተማሪዎች ፊት አቀረብኩት። አንድ ወጣት እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ይሄ የቅኔ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ የፊዚክስ?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም ቃሉን ይዤ ወደ ቤቴ። አቦ፣ ሰው ካልያዘው ቃል ምን ዋጋ አለው? «ስፔክትሮስኮፒ» በይ። ቅር እያለኝ ነው የምለው።

«አክቲኒድ» ያለሽ ባልደረባ ቤተሰቡ ውስጥ የምድር ባቡር ሰው ሳይኖር አይቀርም። የፈረንሳይኛ አነባበብ ነው። ድሬዳዋ ለገሃርንና ፉርጎን ከፈረንሳይኛ እንደወሰደች አክቲኒድንም ብትወስድ አይደንቅም። «አክቲናይድ» የእንግሊዝኛው ነው። መማሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እሱ አሸንፏል፤ ክርክር የለኝም። ሥሩ ግሪክኛው ጨረር ነው። ዓለም አቀፉ የኬሚስቶች አካል የሚመርጠው ግን «አክቲኖይድ»ና «ላንታኖይድ» ነው። «ኦይድ» መሰል ማለት ነው፤ አክቲኒየም መሰል። «አይድ» እንደ ክሎራይድ ላሉት ውህዶች ይቅር ብለው ነው። ምክንያታቸው ትክክል ነው፣ ሰሚ ግን አላገኙም። ከኔ ጋር የሚያመሳስለን ይኸው ነው።

ርዕስሽን እንዲህ ጻፊው፦ «የብርቅ አፈርና የአክቲናይድ ንጥረ ነገሮች ስፔክትሮስኮፒ»። ዜናውም ነጋዴውም «ብርቅዬ ማዕድናት» እንደሚል አውቃለሁ። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሲፈልጉም የሚያገኙት በዚያ ነው። እንግዲህ አንዴ በቅንፍ አስገቢላቸውና እለፊ። «ኅብረ ቀለም»ን ደግሞ ለዓይን በሚታየው ላይ ስትደርሺ በቃል በያት።

አንድ አሮጌ የመንዙማ ሲዲም ያዢ። ልጆቹ የፍሎረሰንት ኃይል ቆጣቢ አምፖል ብርሃን በሲዲው ላይ ሲያርፍ ጎን ለጎን ይዩት። ክር ያለው የድሮ አምፖል ቀለሙ ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ቆጣቢው ግን ተቆራርጦ ይታያል፤ ቀይ ለብቻ፣ አረንጓዴ ለብቻ። ቀዩ ዩሮፒየም ነው። በአረንጓዴው ተርቢየምን ሜርኩሪም ያግዘዋል።

ቀኑን አሳውቂኝ። የድሬ ሙቀት በረድ ካለ ከሐረር እወርዳለሁ። ሰሌዳው ላይ «ብርቅዬ» ተጽፎ ካገኘሁ ግን «ዬ»ዋን በገዛ እጄ ነው የማጠፋት።