የጉድጓዳችን ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ምን ይሻላል?

ከሐርቡ የጻፈልን ወጣት ከአባቱ የተረከበውን ወፍጮ በናፍጣ ሞተር ያሠራል። በርሜሉ ከቤቱ ጀርባ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ በወለሉ ሥር በተቀበረ የብረት ቧንቧ ሞተሩን ይመግባል። ከበርሜሉ 15 እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የውሃ ጉድጓድ ከአምና ክረምት ጀምሮ ናፍጣ ይሸታል፤ በበጋ ይቀንሳል፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይብሳል። አንድ ሠራተኛ መጥቶ በበርሜሉ ሥር ያለውን መሬት በሲሚንቶ ለሰነው። ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ የልብስ ሳሙናና ክሎሪን ጨመረበት። አሁን ደግሞ አንድ ነጋዴ «ናፍጣ የሚበላ ባክቴሪያ» በዱቄት መልክ ይዞ መጥቷል። «ልግዛ ወይ? በዚያ ላይ ሞተሩ ዘንድሮ ናፍጣ መብላት አብዝቷል» ይላል።

ወንድም ዓለም፣ ዱቄቱን አትግዛ። ዓይኔ ያረፈው በመጨረሻዋ መስመርህ ላይ ነው። ናፍጣውን ያበዛው ሞተሩ አይመስለኝም፤ መሬቱ ነው የሚጠጣው። ቧንቧህ አሁንም ያፈስሳል፣ የሚያፈስሰውም ወለሉ ሥር፣ ቧንቧው በሚታጠፍበት ኤልቦ ላይ ይመስለኛል። ክረምት ላይ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ሲል በላዩ የተንሳፈፈውን ናፍጣ ይዞት ይነሳል፤ የሐምሌው ሽታ ከዚህ ይመጣል።

ከሁሉ በፊት ግን፦ ጉድጓዱ ውስጥ ማንም እንዳይወርድ። ለማጽዳት ቢሆን፣ ባልዲ ወድቆ ቢሆን፣ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ቢሆን እንኳ። ናፍጣውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ከጉድጓዱ አየር ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ የሚተፉት ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ኩራዝ አውርዶ መፈተንም አይሆንም፤ የነዳጅ ትነት ባለበት እሳት ይዞ መጠጋት ሌላ አደጋ ነው።

ፍሳሹን እንዲህ አረጋግጥ። ማታ ሞተሩን ካጠፋህ በኋላ ደረቅ ዘንግ በርሜሉ ውስጥ አስገብተህ የናፍጣውን ከፍታ በምስማር ጫር። ናፍጣውን ከበርሜሉ ወደ ቧንቧው የሚለቀውን መዝጊያ (ቫልቭ) ክፍት አድርገህ እደር፣ ጠዋት ለካ። በሁለተኛው ሌሊት መዝጊያውን ዘግተህ ድገመው። ክፍት ሲሆን ብቻ ከቀነሰ ጥፋቱ ከቧንቧው ነው፤ ተዘግቶም ከቀነሰ በርሜሉ ራሱ ወይም መዝጊያው ነው። የቧንቧ መፍቻ ለመያዝ አትቸገርም ብዬ አስባለሁ፤ የተቀበረውን ቧንቧ ፈትተህ ጣለውና አዲሱን በግድግዳው ላይ፣ ዓይን በሚያየው ቦታ አሳልፈው። ነዳጅ የሚያልፍበት ቧንቧ መቀበር የለበትም። ኮምቦልቻ ውስጥ ተመሳሳይ ቧንቧ አውጥቼ ነበር፤ ኤልቦው እንደ ቆርቆሮ የሳሳ፣ ጥርሱ ግማሽ ድረስ ብቻ የገባ፣ መጋጠሚያው ላይ በቴፍሎን ፋንታ ፌስታል ተጠቅልሎበት በሲባጎ ታስሯል። ጥቂት ብር ለማትረፍ ሲባል የአንድ ሰፈር ውሃ ተበላሸ። ይህን ሳይ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲሚንቶውም ጥፋት ነው። ናፍጣውን ከዓይን ሸፈነው እንጂ አላቆመውም፤ ይባስ ብሎ አየር ከላይ እንዳይገባ ዘጋው። አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና ታገሠኝ። ናፍጣ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አፈርህ ውስጥ አሉ፤ ናፍጣ ሲፈስስበት የኖረ መሬት ላይ ደግሞ ራሳቸው ተባዝተዋል። የቸገራቸው አየር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ጨርሰው ለመብላት 3 ኪሎ ገደማ ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አየር የጠገበ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ደግሞ 8 ሚሊግራም ያህል ነው፣ በእኛ ከፍታ ከዚያም ያንሳል። አስላው፦ ለአንዲት ሊትር ናፍጣ ከ350 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ፣ ማለትም ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 1,750 ጊዜ ተሞልቶ! ወደ አየር ስትመጣ ግን አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ200 ግራም በላይ ኦክስጅን ስለሚይዝ 15 ሜትር ኩብ ይበቃል፤ የአንዲት ጠባብ ክፍል አየር ማለት ነው። ስለዚህ በውሃ ውስጥ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ከላይ በዶማ ሲገላበጥ በወራት ያልቃል። ዱቄቱን ጉድጓድ ውስጥ መጨመር አየር ወደሌለበት ቤት ተጨማሪ እንግዳ መጥራት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ስታፈስስ፣ ባክቴሪያውን ለማገዝ በዳርቻው ላይ የተረጨው ማዳበሪያ ነበር፤ ባክቴሪያው እዚያው ነበረና።

ስለዚህ ሲሚንቶውን ሰብረህ፣ የቤቱን መሠረት ሳትነካ፣ ናፍጣ የሚሸተውን አፈር አውጣ። ከጉድጓዱ ርቆ ጎርፍ በማይደርስበት ቦታ ወፍራም ፕላስቲክ አንጥፍ፤ ዙሪያውን በአፈር ከፍ አድርገህ አፈሩን ከ40 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት ዘርጋው። አፈርህ ዋልካ ከሆነ፣ ርሶ ሲጣበቅ አየር ስለማያሳልፍ፣ ጭድና አሸዋ ቀላቅልበት። ማዳበሪያው 100 ሊትር ለሚሆን ናፍጣ በድምሩ 14 ኪሎ ዩሪያና 5 ኪሎ ኤንፒኤስ ነው፤ አራት ቦታ ከፍለህ በየወሩ አንዱን ጨምር፤ በአንዴ ከተበተነ ጨውነቱ ባክቴሪያውን ይጎዳል። በየሳምንቱ ገልብጠው። እርጥበቱን በጭብጥህ ለካ፦ ስትጨብጠው ተጣብቆ መዳፍህን ካረጠበ፣ ግን ጠብ ካላለ፣ ልክ ነው። ዝናብ ሲመጣ በሸራ ሸፍን። የሐርቡ ሙቀት ይረዳሃል፤ ደሴ ብትሆን ጊዜው ይረዝም ነበር።

ማዳበሪያ ወደ ጉድጓዱ አትጨምር፤ ከማዳበሪያው የሚመጣው ናይትሬት የተባለ ጨው በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ሳሙናም አይደገም፤ ናፍጣውን በትኖ ከውሃው ጋር ያደባልቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ክሎሪን የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ናፍጣ አያወጣም። ማፍላትም መፍትሔ አይደለም።

ውሃው ላይ የሚታየው ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ናፍጣ መሆኑን ለማወቅ በባልዲ ቅዳና በእንጨት ንካው። እንደ መስታወት ተሰባብሮ ከቀረ ብረት የሚወዱ ባክቴሪያዎች የሠሩት ሽፋን ነው፤ ተከፍሎ ተመልሶ ከተገናኘ ናፍጣ ነው። ናፍጣ ከሆነ ያልተፈተለና ያልታጠበ ጥጥ በመረብ ቋጥረህ በገመድ አውርድ። የጥጡ ሰም ዘይት ይስባል፣ ውሃ ይገፋል። ጥጡ ሲጠግብ አውጥተህ ክዳን ባለው ዕቃ አጠራቅም። ገመዱን ከላይ ሆነህ ጎትት፤ ቢቀረቀርብህ ቆርጠህ ተወው። ጉድጓዱ ውስጥ ማንም አይወርድም። የውሃ መሳቢያ ሞተርም ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጭሱ ሰው ገድሏል።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ውሃው ውስጥ የቀረውን እዚያው ያሉት ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ይጨርሱታል፤ ከአንድ ክረምት በላይ ጠብቅ። እስከዚያ ቤተሰቡም ከብቶቹም ከሌላ ቦታ ይጠጡ። ሽታው ጠፋ ማለት ውሃው ነጻ ሆነ ማለት ስላልሆነ፣ ከመጠጣታችሁ በፊት የወረዳችሁን ውሃ ጽሕፈት ቤት ጠይቀህ ናሙናውን በላቦራቶሪ አስመርምር። ለልጆቹም ዛሬውኑ የጉድጓዱን አፍ በጠንካራ ክዳን ዝጋ፤ በዘንጉ ላይ የጫርካቸውን የሁለቱን ሌሊት ልኬቶች ጽፈህ ላክልኝ።