ከአንዱ ስቶር የተጫነ አፕ በሌላው አፕዴት አልደረግም ሲል

ጥያቄው ከአንዲት አንባቢ የመጣ ነው። የቀን ወጪ መመዝገቢያ አፕ ሠርታለች። መጀመሪያ ጎግል ፕሌይ ላይ አወጣችው። ዳውንሎዱ ሲያንስባት ከዚያው ኮድ ኤፒኬ (አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) አውጥታ ሳምሰንግ ጋላክሲ ስቶርና ሁዋዌ አፕጋለሪ ላይም ጫነችው። ከዚያ ችግሩ ተከታተለ። አንዳንድ ተጠቃሚዎች አፕዴት ሊያደርጉ ሲሞክሩ «አፑ አልተጫነም» ይላቸዋል። አዲሶቹ የሁዋዌ ስልኮች ላይ የማታው ማስታወሻ አይደርስም። የአይፎኑን ደግሞ አፕል መለሰባት። «በዚህ ሁሉ መሃል እንዴት ብዬ ላስተዋውቀው?» ትላለች።

እህቴ፣ ማስተዋወቁን ለጊዜው ተይው። አሁን ያለ ማስጠንቀቂያ የምትጠሪው ሰው አንድ ኮከብ ሰጥቶ ነው የሚሄደው። ችግሩ ከተፈታ በኋላ ተመልሶ የሚያስተካክለው ደግሞ ጥቂቱ ነው።

በጣም ከሚያሳስበኝ ልጀምር። አንድሮይድ አፕዴት ሲመጣለት ሁለት ነገር ያያል፤ ፓኬጅ ስሙን (ስልኩ አፑን የሚለይበትን ስም) እና የተፈረመበትን ቁልፍ (የሠሪውን ማንነት የሚያረጋግጠውን ምስጢራዊ ፋይል)። ስሙ አንድ ሆኖ ቁልፉ ከተለየ አዲሱን በአሮጌው ላይ አይጭንም። ደግም ያደርጋል። እንዲህ ባይሆን ማንም የአንቺን አፕ አስመስሎ ሠርቶ በተጠቃሚዎችሽ ስልክ ላይ ሊደርብበት ይችል ነበር።

«እኔ እኮ ያለኝ ቁልፍ አንድ ነው» ትዪኝ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2021 ጀምሮ ጎግል ፕሌይ አዲስ አፕ የሚቀበለው በአፕ በንድል፣ ማለትም ጎግል ራሱ ኤፒኬውን በሚያወጣበት ጥቅል ፋይል ነው። በንድሉን የምትፈርሚበት ቁልፍ ፋይሉ ከአንቺ መምጣቱን ለጎግል ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ አፕሎድ ኪ ይሉታል። ለተጠቃሚው የሚላከውን ኤፒኬ ጎግል ራሱ ዘንድ ባለው ሌላ ቁልፍ ይፈርመዋል። ሳምሰንግና ሁዋዌ ላይ ያወጣሽው ግን በአፕሎድ ኪው የተፈረመ ነው። ስለዚህ ስማቸው አንድ፣ ፊርማቸው የተለየ ሁለት አፖች አሉሽ።

ለማረጋገጥ ፕሌይ ኮንሶል (የፕሌይ አፕ ሠሪዎች መቆጣጠሪያ) ውስጥ የአፕ ሳይኒንግ ገጹን ክፈቺ። የጎግሉን ቁልፍና የአፕሎድ ኪውን ሁለት ሰርተፍኬት ታያለሽ፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የሻ-256 አሻራ (ቁልፉን የሚለይ ረጅም ኮድ) አላቸው። ሌላ ስቶር ላይ ከጫንሽው ኤፒኬ አሻራ ጋር አስተያዪው። እግረ መንገድሽን በጎግል አካውንት መግባት ከሁሉም ስቶር በወረደው አፕ ላይ እንደሚሠራ ሞክሪ። ፋየርቤዝ (የጎግል የአፕ ሠሪዎች አገልግሎት) ላይ የአንዱን ቁልፍ አሻራ ብቻ መዝግበሽ ከሆነ በሌላው የተፈረመው አፕ መግባት ይከለክላል። ሁለቱንም መዝግቢ።

አሁን ወደ መፍትሔው። ጎግል የሚፈርምበትን ቁልፍ አውጥተሽ መውሰድ አትችዪም። ግን በእሱ የተፈረመውን ኤፒኬ መውሰድ ትችያለሽ። ፕሌይ ኮንሶል ውስጥ አፕ በንድል ኤክስፕሎረር የሚባል ክፍል አለ። የዳውንሎድ ገጹ ላይ የተፈረመ ዩኒቨርሳል ኤፒኬ (ለሁሉም ስልክ የሚሆን አንድ ፋይል) ታገኛለሽ። ወደፊት አዲስ ስቶር ስትጨምሪ ይህን ኤፒኬ ጫኚ፤ ፊርማው ከፕሌዩ ጋር አንድ ይሆናል። ሌላ አፕ ከባዶ ስትጀምሪ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው የራስሽን ቁልፍ ለጎግል ስጪና በሁሉም ስቶር በእሱው ፈርሚ።

ጋላክሲ ስቶር ላይ ያለውን እንደ እኔ ከሆነ ተይው። አብዛኞቹ የሳምሰንግ ስልኮች ጎግል ፕሌይም አላቸው። አንዱ ተጠቃሚ ከጋላክሲ ስቶር ያወረደውን አፕ ፕሌይ ላይ ሲያገኘው አፕዴት የሚለውን ይነካል፣ ይከለከላል። ቅሬታው የሚመጣልሽ ከዚያ ይመስለኛል። ግን በችኮላ እንዳታጠፊው። ሰዎቹ የወራት ወጪያቸውን እዚያ ውስጥ መዝግበዋል። አፑን አጥፍተው ከፕሌይ ሲጭኑት ስልኩ ላይ ብቻ ያለው መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ በዚያው በአሮጌው ቁልፍ አንድ የመጨረሻ አፕዴት ላኪ። መረጃውን ወደ ፋይል ማውጫና ከፋይል መመለሻ ይኑረው። እንዴት እንደሚዛወሩም አፑ ውስጥ በግልጽ ጻፊላቸው። ሰዎች እስኪዛወሩ ጊዜ ስጪ፤ ከዚያ ከስቶሩ አውጪው።

አፕጋለሪ ላይ ያለው ግን ይቆይ። ጎግል ፕሌይ የሌለው ስልክ ላይ የፊርማው ልዩነት ብዙም አይጎዳሽም። በነበረው ቁልፍ ቀጥዪ፤ ሁለቱን ቁልፎች ብቻ አታደባልቂ።

ቁልፉን ደግሞ ሁለት ቦታ አስቀምጪ፣ ከነይለፍ ቃሉ። አፕሎድ ኪ ቢጠፋብሽ ጎግልን ጠይቀሽ ማስቀየር ይቻላል። በራስሽ ፈርመሽ በሌላ ስቶር ያወጣሽው ግን በዚያ ቁልፍ ላይ የቆመ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ለደንበኛ የሠራሁት አፕ ቁልፉ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። ዲስኩ ተበላሸ። አፑን በአዲስ ፓኬጅ ስም እንደ አዲስ አወጣነው፤ ኮከቡም አስተያየቱም አሮጌው ላይ ቀረ። የደንበኛዬን ፊት እስካሁን አልረሳውም።

የሁዋዌው ማስታወሻ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ወዲህ የወጡት አዳዲስ የሁዋዌ ሞዴሎች የጎግል ሰርቪስ የላቸውም። በፋየርቤዝ በኩል የሚላክ መልእክት አይደርሳቸውም። የተለመደው ምክር የሁዋዌን ፑሽ ኪት (የራሱን መልእክት መላኪያ) ጨምሪ ነው። እኔ ግን ሌላ ነገር ልጠይቅሽ። በየማታው በአንድ ሰዓት «የዛሬን ወጪ መዝግቡ» ለማለት ሰርቨር ለምን አስፈለገ? ስልኩ ራሱ ቀጥሮ ማሳየት ይችላል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ በሁሉም ስቶር ኮዱ አንድ ይሆንልሻል።

አፕል የመለሰበትን ደብዳቤ ልከሽልኛል። ሁለት ምክንያት ተጽፏል። አንደኛ፣ አንዱ ስክሪንሾት ላይ የጎግል ፕሌይ ምልክት አለ። አፕል የሌላ የሞባይል ፕላትፎርም ስምና ምልክት በመግለጫውም በሥዕሉም አይፈቅድም፤ አውጪው። ሁለተኛ፣ ገምጋሚው መግባት አልቻለም። ለገምጋሚው በተዘጋጀው ቦታ የሙከራ ስምና ይለፍ ቃል ሙዪ። አካውንቱ ባዶ አይሁን፤ የአንድ ወር ወጪ ሞልተሽበት ይቆይ። ደብዳቤው ያላነሳው ግን ቀጥሎ ሊያስመልስሽ የሚችል ሌላም አለ። አፑ አካውንት የሚያስከፍት ከሆነ እዚያው አፑ ውስጥ አካውንት ማጥፊያ ሊኖረው ይገባል። ይህ እ.ኤ.አ. ከጁን 30፣ 2022 ጀምሮ ግዴታ ነው።

አሁን ማስተዋወቅ እንችላለን። በሁሉም ስቶር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለጥፈሻል፤ ስቶሮቹ ግን የሚያነቡት አንድ ዓይነት አይደለም። ጎግል ፕሌይና አፕ ስቶር ላይ ስም 30 ፊደል ብቻ ነው። የአንቺ አፕ ስም ቆንጆ ነው፣ ግን ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ከአጠገቡ «ወጪ መመዝገቢያ» ብትዪበት ፈላጊው ያገኝሻል። ፕሌይ ላይ 80 ፊደል የሚይዘው አጭር መግለጫና ረጅሙ ጽሑፍም ለፍለጋ ይጠቅማሉ። አፕ ስቶር ላይ የሚጠቅምሽ ስሙ፣ 30 ፊደል የሚይዘው ንዑስ ርዕስና ለብቻው የሚሞላው የ100 ፊደል የቁልፍ ቃል ሳጥን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ስሙ ላይ ያለውን ቃል አትድገሚ። ቃላቱን በነጠላ ኮማ ለዪ፣ ከኮማው በኋላ ክፍት ቦታ አትተዪ፤ እሱም ይቆጠራል።

ስክሪንሾቶችሽን አየኋቸው። የመጀመሪያው የመግቢያ ገጽ ነው። የይለፍ ቃል ሳጥን አይቶ አፕ የሚያወርድ ሰው አላየሁም። የወሩ ወጪ በቀለም ተከፋፍሎ የሚታይበትን ገጽ አስቀድሚ፤ የአፕሽ ውበት እሱ ነው። በላዩ ላይ አራት አምስት ቃል በትልቁ ጻፊ፣ በትንሽ ስልክ እንዲነበብ።

ኮከብ ስትጠይቂም ሰዓቱን ምረጪ። አፑ እንደተከፈተ አይደለም። ሰውየው ወሩን ዘግቶ ያስቀረውን ገንዘብ ሲያይ ጠይቂው። አፕል ይህን መጠየቂያ ለአንድ ተጠቃሚ በ365 ቀን ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ አያሳይም፤ አታባክኚው። በገንዘብም በሽልማትም ኮከብ አትግዢ፤ አካውንትሽን ሊያዘጋ ይችላል። መጥፎ አስተያየት ለጻፉት ግን ለእያንዳንዳቸው መልሺ፤ በተለይ አፕዴቱ እምቢ ላላቸው።

ቀጣዩን አፕዴት ለሁሉም በአንዴ አትልቀቂው። ፕሌይ ላይ በመቶኛ መልቀቅ ይቻላል። ከ10 በመቶ ጀምሪና የብልሽት ሪፖርቱን ሁለት ሦስት ቀን ተከታተዪ። ንጹህ ከሆነ ጨምሪ፤ ካልሆነ እዚያው አቁመሽ ጻፊልኝ።