ጾሙ ከተፈታ በኋላም የማትበላ ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመቷ ነው። በዐቢይ ጾም ከሁላችንም አጥብቃ ስትጾም ደስ ብሎን ነበር፤ ሆኖም ፋሲካ ካለፈ በኋላም ወጡን አልቀምስም አለች። እንጀራውን ቆራርሳ ወደ እኔ በኩል ትገፋለች፣ በቀትር ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፣ የወር አበባዋም ቀርቷል። ለዘመዳችን ሰርግ የሚዜ ቀሚስ ስትለካ አክስቶቿ «ወፍረሻል» እያሉ ቀልደውባት ነበር። በግድ እናብላት ወይስ እንተዋት? ጥፋቱስ የእኔ ይሆን?
እናት፣ ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ፦ የተከበሩ እናት፣ የወር አበባ መቅረትና በቀትር መብረድ ሰውነቷ በረሃብ መጎዳቱን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ሐኪም ይውሰዷት፤ ራሷን ከሳተች ወይም የልብ ምቷ ከተዛባ ግን በዚያው ቀን ይሂዱ። ሐኪሙ የልብ ምቷንና በደሟ ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን መጠን ይለካል፤ እንደ ሳንባ ነቀርሳና ታይሮይድ ያሉ ክብደት የሚቀንሱ ሕመሞች አለመኖራቸውንም ያረጋግጣል። ውፍረትን በመፍራት ራስን ማስራብ፣ ማለትም አኖሬክሲያ የተባለው የአመጋገብ መታወክ መሆኑ ከታወቀ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያስፈልጋታል፤ ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ጥፋቱን በተመለከተ፣ ቀደም ባለው ዘመን ባለሙያዎች እናቶችን ይወቅሱ ነበር። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ስላሳዩ፣ ይህን ሸክም ከራስዎ ላይ ያውርዱ። ይህን ስል ግን የቤተሰብ አንደበት ምንም አያደርግም ማለቴ አይደለም። በአገራችን «ወፈርሽ» ማለት ተመችቶሻል የሚል ምርቃት ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬ ግን ልጅቷ ቃሉን የምትሰማው በስልኳ ላይ ከምታያቸው ቀጫጭን ሴቶች ጋር ራሷን እያስተያየች ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴት አገር በፊጂ፣ ሞላ ያለ ሰውነት በሚከበርበት የናድሮጋ አካባቢ፣ ቴሌቪዥን በ1995 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ገባ፤ ተመራማሪዋ አን ቤከር ከሦስት ዓመት በኋላ ከጠየቀቻቸው ተማሪ ልጃገረዶች 11.3 ከመቶ የሚሆኑት ክብደት ለመቆጣጠር ሲሉ እንደሚያስመልሱ ተናግረዋል። ቴሌቪዥኑ እንደገባ በተደረገው መጠይቅ ግን እንዲህ ያለች አንዲትም አልነበረችም።

ጾም ይህን ሕመም አያመጣም፤ ነገር ግን ለማትበላ ልጅ ማንም የማይጠይቃት የተከበረ ምክንያት ይሰጣታል። ስለዚህ ለንስሐ አባቷ በግልጽ ይንገሯቸው። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው ጾም አታስገድድም፤ ይህንንም ከእርስዎ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ብትሰማ ይቀላት ይሆናል።

በግድ ማጉረስም መተውም አይበጅም። በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረውና በወጣቶች ላይ ጥሩ ውጤት ያሳየው ሕክምና፣ ወላጆች በሐኪም እየተመሩ የምግቡን ኃላፊነት ለጊዜው እንዲረከቡ ያደርጋል። ምን ያህል እንደምትበላ እርስዎ ይወስናሉ፣ እስክትጨርስ አብረዋት ይቀመጣሉ፣ ስለ ክብደት አይከራከሯትም፤ ብታለቅስም ቁጣዎ በሕመሙ ላይ እንጂ በእሷ ላይ አይሁን። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በድንገት ብዙ ቢበላ በደሙ ውስጥ ያሉት ማዕድናት ተዛብተው ለሕይወቱ ሊያሰጋው ስለሚችል፣ መጠኑን ከሐኪሙ ሳይጠይቁ አይጀምሩ።

ለአክስቶቿም እርስዎ ወይም አባቷ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ስለ ሰውነቷ ክፉም ደግም አይናገሩ፤ «ቀጥነሽ አማረብሽ» የሚለው ሙገሳም ይቅር። የቀሚሱ ልኬት ሰርጉ ሲቃረብ እንደገና ይወሰድ፤ እስከዚያ ድረስ በቤት ውስጥ ወሬው አይነሣ።