ቤቱን ለማን ነው የምትመርጡት?

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? አምዱን ሁሌ አነባለሁ ግን ጽፌ አላውቅም። የባለቤቴ መስሪያ ቤት ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ከፍቶ እሱን ኃላፊ አድርጎ መደበው፣ ደሞዙም ደህና ጨምሯል፣ ከ2 ወር በኋላ እዛ መግባት አለብን። ልጆች አሉን፣ ትልቋ 14 ዓመቷ ነው ትንሹ 6። እኔ ስራዬን ለቅቄ ነው የምሄደው፣ እዛ ስንደርስ ሌላ እፈልጋለሁ ብዬ። አሁን የተጨቃጨቅነው በቤት ነው። እሱ ከቢሮው 10 ደቂቃ የሚሆን ጠበብ ያለ ባለ 2 መኝታ አፓርታማ አግኝቷል። እኔ ደሞ በዛው ኪራይ ከከተማ ወጣ ብሎ ግቢ ያለው ሰፊ ቤት በፎቶ አይቼ ልቤ እዛ ቀርቷል፣ ለቢሮው ግን 50 ደቂቃ ነው አሉኝ። እሱ “የምመላለሰው እኔ ነኝ” ይላል እኔ “ቤት የምውለው እኔ ነኝ” እላለሁ። ማናችን ነን ልክ?
ሻንጣ ላይ የተቀመጠችው

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ ላስታርቃችሁ አሰብኩና ተውኩት፣ ምክንያቱም ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ይመስለኛል። ቆይ አትቆጪ ላስረዳ። እሱ ቦታውን የለካው ከቢሮው ነው፣ አንቺ ደሞ ከፎቶው። ቢሮው ግን የእሱ ብቻ ነው፣ ፎቶው ደሞ ከግቢው አጥር ውጭ ምን እንዳለ አያሳይም።

እስቲ አስቢው፣ እሱ እዛ ሲደርስ ኑሮው ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ወንበር አለው፣ በስሙ የሚጠራው ሰው አለ፣ ምሳ አብሮት የሚበላ አለ፣ ቢደብረው እንኳን ስራ በዝቶበት ይረሳዋል። አንቺና ትልቋ ልጅ ግን ከዜሮ ነው የምትጀምሩት፣ አንቺ ስራ የለሽም እሷ ጓደኛ የላትም። ስለዚህ ቦታው መመረጥ ያለበት ምንም ለማይጠብቀው ሰው ነው ባይ ነኝ። ይሄን ስል ሰፊው ቤት አሸነፈ ማለቴ አይደለም፣ እንዲያውም ይብሳል! መኪናውን እሱ ጠዋት ይዞት ከወጣ አንቺ እዛ ሰፊ ግቢ ውስጥ ምን ሆነሽ ነው የምትውዪው፣ ዘበኛ? ስራ ልፈልግ ብለሽ ኢንተርቪው ብትጠሪስ በምን ትሄጂያለሽ፣ ብትቀጠሪስ ያንን 50 ደቂቃ አንቺም ልትመላለሺው ነው እኮ።

የእሱን መመላለስም አታቅልዪው። ከአፓርታማው ጋር ሲነፃፀር ልዩነቱ በአንድ ጉዞ 40 ደቂቃ ነው፣ ደርሶ መልስ 80፣ በወር 22 የስራ ቀን ብትዪ 29 ሰዓት አካባቢ ይመጣል፣ ማለት በየወሩ ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በላይ መንገድ ላይ። ብሩኖ ፍራይና አሎይስ ሽቱትዘር የሚባሉ የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት የጀርመን ሰራተኞችን መረጃ አይተው ረጅም መንገድ የሚመላለሱት ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ያለ ሆኖ አገኙት። በንድፈ ሀሳቡ ርቀቱን ሰፊ ቤት ወይ የተሻለ ደሞዝ መካስ ነበረበት፣ ግን አልካሰውም። ሰው ቤት ሲመርጥ ሳሎኑን ያያል፣ ትራፊኩ የሚታየው ከገባ በኋላ ነው። ደሞ ያ 50 ደቂቃ ማን የነገረሽ ነው? ደላላ ከሆነ የእሁድ 50 ደቂቃ ነው፣ በስራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዳችሁ ራሳችሁ ለኩት።

አሁን ወደ ልጅቷ። የ6 ዓመቱ ብዙም አያሳስበኝም፣ በሳምንቱ ጓደኛ ይዞ ይመጣል። 14 ዓመት ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ5 ከተሞች ድሃ ሰፈር የነበሩ ቤተሰቦችን በእጣ ወደ ተሻለ ሰፈር እንዲዛወሩ የሚያግዝ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር፣ በኋላ ውጤቱ ሲታይ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ ገቢያቸው ካልተዛወሩት በ31 በመቶ በልጦ ተገኘ፣ ከዛ በላይ ሆነው የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም፣ እንዲያውም ትንሽ ወደታች ነው ያለው። የእናንተ ሁኔታ ከእነሱ ጋር አንድ አይደለም፣ ልጅሽን ያበላሻታል እያልኩም አይደለም፣ ግን በዚህ እድሜ ከጓደኛ መነቀል ቀላል እንዳልሆነ ይነግርሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤት ፈልጉ፣ ቦታ እንዳለውና በዓመቱ መሀል እንደሚቀበል በደንብ ጠይቁ፣ መሸኛና ውጤቷን ከአሁኑ አስወጡ፣ ከዛ ቤቱን በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ፈልጉ። እሷ ብቻዋን ሄዳ የምትመለስበት ርቀት ከሆነ ለእሷም ነፃነት ነው፣ አንቺም ከሹፌርነት ትተርፊያለሽ። አብራችሁ ውሰዷትና ትይ፣ ሁለት ሰፈር አሳይታችሁ ምረጪ በሏት።

ሰፈር ስታዪ ደሞ በስራ ቀን እዪ። እኔ አንዴ እሁድ አይቼ ፀጥታውን ወድጄ የተከራየሁት ቤት ሰኞ ጠዋት ጎኑ ብየዳ ቤት መሆኑ ገባኝ፣ 8 ወር ሙሉ ጥርሴን ነክሼ ኖርኩ። ቧንቧውን ክፈቺ፣ ስልክሽ መኝታ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ይስባል ወይ እዪ፣ ማታ በእግርሽ ዞር ዞር በዪበት፣ ከተቻለ ከዝናብ በኋላ ሂጂ። ጎረቤት ጠይቂ፣ ሊለቅ የተዘጋጀ ተከራይ ካገኘሽማ እሱ ምንም አይደብቅሽም።

ባጠቃላይ ሁለቱንም ቤቶች ተዉአቸው ባይ ነኝ። ከቢሮው 20 ወይ 25 ደቂቃ የሆነ፣ አንቺ ያለ መኪና ወጥተሽ የምትገቢበት፣ ከአፓርታማው ትንሽ ሰፋ ያለ ነገር ለ6 ወር ተከራዩ። ለመግዛትማ አታስቡት። ውሉ ላይ ቀድማችሁ ብትወጡ የስንት ጊዜ ማስጠንቀቂያ እንደሚበቃ ይጻፍ። ባልሽ ደሞ መስሪያ ቤቱን ሳያፍር ይጠይቅ፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማረፊያ ይችላሉ ወይ፣ የእቃ ማጓጓዣ የማን ነው፣ ቶሎ ቢለቅ የሰጡትን ገንዘብ ያስመልሱታል ወይ። በቃል ሳይሆን በደብዳቤ።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ ስራ አግኝቼ ነው ወደ ሌላ ከተማ የምሄደው፣ የ3 ወር የሙከራ ጊዜ አለው። ሚስቴና ልጄ አሁኑኑ አብረውኝ ይምጡ ወይስ ልቅደም?

መልስ፦ ቅደም ወንድሜ። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ የሚስትህን ስራና የልጅህን ትምህርት ቤት አታስለቅቅ። ግን ቀኑን አብራችሁ ቁረጡት፣ “ሲመቸኝ አመጣችኋለሁ” የሚባለው ነገር ዓመት ሆኖ ይገኛል። አንተ ለጊዜው አንድ ክፍል ይበቃሃል፣ የቤተሰቡን ቤት እሷ መጥታ ሳታየው እንዳትፈርም። በቪዲዮ ስታሳያት ደሞ ሳሎኑን ብቻ እየዞርክ አትቅረጽ፣ ከበሩ ውጣና መንገዱን እስከ ታክሲው ድረስ እየሄድክ አሳያት።