«ዘላቂ ልቀት» ምን ይለቃል?

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የፋርማሲ ማስተርስ ተማሪ ነኝ። አንቲባዮቲክ በናኖ ቅንጣት (በዓይን በማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ) ውስጥ ተደርጎ ሰውነት ውስጥ በዝግታ ስለሚወጣበት ዘዴ ለሰፊው አንባቢ በአማርኛ እየጻፍሁ ነው። «ዘላቂ ልቀት ያለው የአንቲባዮቲክ ተሸካሚ ናኖ ቅንጣት» ብል ከሙያው ውጭ ያሉ ጓደኞቼ አልገባንም አሉኝ። ስሕተቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ እውነት አላቸው። ሰዋስዉ አልፈረሰም፤ የመረጧቸው ቃላት ግን ቀድሞ ሌላ ሥራ ይዘዋል።

«ልቀት» ከ«ለቀቀ» ሲወጣ የካርቦን ልቀት እንላለን፤ ከ«ላቀ» ሲወጣ የልቀት ማዕከል። በጽሑፍ ሁለቱ አይለዩም። ከፊቱ «ዘላቂ» ሲገባማ አንባቢው የማይቋረጥ ብልጫ ብሎ ቢያነብ አይፈረድበትም። «ዘላቂ» ራሱ ከዘላቂ ሰላምና ከዘላቂ ልማት ጋር ስለኖረ ማለቂያ የሌለውን ያሳስባል። መድኃኒቱ ግን ያልቃል፤ ማለቁም ዋና ጉዳይ ነው። ወደ መጨረሻው ላይ መጠኑ ባክቴሪያውን ከሚገታው ዝቅተኛ መጠን በታች ወርዶ ለቀናት ከተንጠባጠበ፣ በሕይወት የሚተርፉትና የሚባዙት መድኃኒቱን የለመዱት ናቸው። «ዘላቂ» ይህን አደጋ እንደ ምስጋና ያቀርበዋል።

ስለዚህ ስሙን ትተው ግሱን ይያዙ፤ ግን ማን ለቃቂ፣ ማን ተለቃቂ እንደሆነ ይጠንቀቁ። «ቀስ በቀስ የሚለቀቅ ናኖ ቅንጣት» ካሉ የሚለቀቀው ቅንጣቱ ሆነ። ቅንጣቱ የሚለቅ ነው፤ የሚለቀቀው መድኃኒቱ። «ዘግይቶ የሚለቀቅ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ለምሳሌ ጨጓራ ውስጥ ሳይፈታ አልፎ አንጀት ሲደርስ የሚፈታ ክኒን። ይዘገያል እንጂ ቀስ አይልም።

«ተሸካሚ»ን ሐኪሞች ሳይታመም ጀርሙን ይዞ ለሚዞር ሰው ሰጥተውታል። ስለ ባክቴሪያ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የባሰ ግጭት የለም። «ጫኝ» ልበል እንዳይሉ፣ በባቲ የሰኞ ገበያ ጫኙ ሰውዬው እንጂ ግመሉ አይደለም። አማርኛ ግን «መልእክት አዘል»ን አስለምዶናል። «አንቲባዮቲክ አዘል ናኖ ቅንጣት» ቢሉ አጭር ነው፣ ማንንም አያደናግር፣ ዘይቤውም የቤታችን ነው፤ የታዘለ መውረዱ አይቀርምና። («ጸረ ተሕዋስያን» ከቫይረስና ከፈንገስ መድኃኒት ጋር ስለሚያቀላቅል እዚህ «አንቲባዮቲክ» ይሻላል።)

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚታየውን ድንገተኛ ፍሰት «ግንፈላ» እንዲሉት እመክራለሁ። ጀበና ሲገነፍል ያላየ የወሎ አንባቢ የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ከቅንጣቱ ገጽ ላይ ብቻ የተለጠፈው መድኃኒት ፈሳሽ ሲነካው ወዲያው ይሟሟል፤ ከውስጥ ያለው ግን በፖሊመሩ (ቅንጣቱ በተሠራበት ሰንሰለታማ ቁስ) መካከል ሰርጎ ወይም ፖሊመሩ ራሱ እስኪፈርስ ጠብቆ ነው የሚወጣው። ቅንጣቶቹ ተሠርተው ካበቁ በኋላ በደንብ ካልታጠቡ ግንፈላው ይበረታል።

ስለ ሙከራው ሲጽፉ እስከዚያ ሰዓት የወጣውን መድኃኒት በሙሉ «ድምር ልቀት» ማለት ይችላሉ፤ ግራፍ ላይ ስለሚያርፍ ብልጫ ነው ብሎ የሚሳሳት የለም። ቅንጣቶቹ በዲያሊሲስ ከረጢት (መድኃኒቱን አሳልፎ ቅንጣቱን በሚያስቀር ከረጢት) ሆነው በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ፒኤች (የአሲድነት ልኩ) 7.4 በሆነ ፎስፌት በፈር፣ ማለትም ይህ ልኩ ቶሎ በማይለዋወጥ ፈሳሽ፣ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በየሰዓቱ፣ እንበል 1 ሚሊ ሊትር በፈር ለልኬት ተቀድቶ፣ በምትኩ ያንኑ ያህል ንጹሕ በፈር ይገባል። በቀደሙት ናሙናዎች የወጣው መድኃኒት ካልተደመረ ግራፉ ቁልቁል ሊሄድ ይችላል፤ ድምር ደግሞ አይወርድም። ተደምሮም ከወረደ፣ በተለይ ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ከሆኑ፣ መድኃኒቱ ራሱ ውሃው ውስጥ እየፈረሰ መሆኑን ይጠርጥሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ጭነት» የሚለውን ቃል ለሁለት ልኬት አይጠቀሙበት። 10 ሚሊ ግራም መድኃኒት ገብቶ 7ቱ ቢታዘል «የታዘለው ድርሻ» 70 በመቶ ነው። መድኃኒቱን ጨምሮ ቅንጣቱ በጠቅላላው 100 ሚሊ ግራም ቢመዝን ግን «ጭነቱ» 7 በመቶ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ስንቱ እንዳልባከነ ይናገራል፤ ሁለተኛው ለአንድ ሕመምተኛ ስንት ቅንጣት እንደሚያስፈልግ። ዓረፍተ ነገርዎም እንዲህ ቢሆን፦ «መድኃኒቱን ለቀናት ቀስ በቀስ የሚለቅ አንቲባዮቲክ አዘል ናኖ ቅንጣት»። «ለቀናት» በሚለው ቦታ የለኩትን ቁጥር ያስገቡ።