መረቁ ከምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ከሚሠራ አንድ ወጣት መልእክት ደረሰኝ። ፋብሪካ ውስጥ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነው። አለቃው እሱንና ባልደረቦቹን እራት ጋብዟቸዋል። ቤቱ ውድ ነው አሉ። ሜኑው በየወቅቱ ይቀያየራል። የምግቡን ስም አንብበህ ምን እንደሆነ አታውቅም። «ጋሼ» ይላል ልጁ፣ «ምግቡ ውስጥ ምን እንዳለበት አስተናጋጁን ብጠይቅ ያሳፍራል?»

አንዲት መስመር ናት። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ነሳችኝ።

ስለ ሹካና ቢላ አልጽፍላችሁም። ስለ አለባበስም አልጽፍም። እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሐምሌ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ትምህርቴን ጨርሼ በግብርና ባለሙያነት ኩታበር ተመደብኩ። ልጅ እግር ነበርኩ። አንድ ክፍል ያከራዩኝ እናት ነበሩ። «እማማ» እላቸው ነበር። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኔ ክርስቲያን። ወሎ ላይ ይህ ወሬ አይሆንም። አንድ ጀበና ቡና እንጠጣለን፣ እንጋባለን፣ ለቅሶ እንቀመጣለን። ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም የየራሱን እርድ ይበላል። በዚህ ማንም ማንንም አይቀየምም። ደጋሽም ቢሆን ለሌላው ወገን ለብቻ ያሳርዳል።

እማማ ሁዳዴ ሲገባ ቅቤ ያልነካው ድስት ለይተው ያስቀምጡልኝ ነበር። ረቡዕንና ዓርብን ከእኔ በላይ የሚያስታውሱት እሳቸው ነበሩ። አንድ ዓርብ ከመስክ ደክሞኝ ገባሁ። እርጎ ቀርቦ አየሁና አንስቼ ልጠጣ ስል «ልጄ፣ ዛሬ እኮ ጾምህ ነው» ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ። ለፋሲካ ዶሮ ሰጡኝ። እሳቸው አላረዱትም። «ለጎረቤት ውሰድና ይባረክልህ፤ እዚያው ይሥሩልህ» አሉኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ጠበቁኝ።

የወቅት ምግብ የሚባለውንም የተማርኩት እዚያ ቤት ነው። የበልግ ገብስ ሲደርስ ቆሎው፣ ገንፎውና በሶው ይቀየራል፤ ሽታው ራሱ ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቁልቋል ከገበያ ይመጣል። እሾሁን በቅጠል እየጠረጉ ልጠው ይሰጡኝ ነበር። ጎመን በክረምት ይለመልማል። መስከረም ላይ ወተቱ ይበዛል። ከዚያ የባቄላ እሸት ይከተላል። ከቆላ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ ጥንቅሽ ተሸክሞ ይደርሳል። ወሎ እንዲህ ነው። ደሴ ብርድ ልብስ ደርበህ ተነስተህ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ ኮትህን ታወልቃለህ። በአንድ ቀን የደጋም የቆላም ገበያ ታያለህ። በየወቅቱ ሜኑ እቀይራለሁ ለሚል ምግብ ቤት ከዚህ የተሻለ አገር አላውቅም።

ግን እማማ ቤት ወቅት ሌላም ትርጉም ነበረው። በ1976 በልጉ ቀረ። ክረምቱም ከዳ። ከዚያ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። እኔ የደረስኩት ከድርቁ በኋላ ነው። እማማ ስለዚያ ጊዜ ብዙ አይናገሩም። የካቲት ላይ ግን ጠዋት ጠዋት ደጅ ወጥተው ሰማይ ያያሉ። ደመና ካዩ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ይገባሉ። በእህል ላይ ማሾፍ የማልወደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ሐምሌው ልመለስ።

ዓመተ ምሕረቱ 2004 ነበር። የእማማ የልጅ ልጅ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። እኔ በዚያን ጊዜ ደህና ሥልጣን ላይ ነበርኩ፤ መኪናም ነበረኝ። ደስ ብሎኝ ሁለቱንም እራት ልጋብዝ አልኩ። ደሴ ውስጥ ነው፤ የቤቱን ስም አልጠራም። ውጭ አገር ሠርቶ የመጣ ሼፍ ነበራቸው። በየወቅቱ ከገበያ ያገኘውን አይቶ ሜኑ ያወጣል። ምርጫ የለም፤ እሱ ያሰናዳው በተራ በተራ ይመጣል። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሻማ፣ ቀስ ያለ ሙዚቃ። እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

መጀመሪያ የመጣው የገብስ ሾርባ ነበር። እማማ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ፊታቸው በራ። «የበልግ ገብስ ነው!» አሉ። ከዚያ ማንኪያውን ይዘው ትንሽ ቆዩ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሥጋ ይኖርበት ይሆን?»

አስተናጋጇ ሁለት እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። እጄን ባነሳ ትመጣ ነበር። ጎን ያለው ጠረጴዛ ላይ ግን የማውቃቸው የቢሮ ሰዎች ተቀምጠዋል። እንደዚህ ዓይነት ቤት ገብቼ «ይሄ ምንድን ነው?» ብል ባላገር የምመስል መሰለኝ። ስለዚህ ሳላውቅ መለስኩ።

«የለበትም እማማ። ይጠጡት።»

አመኑኝ። ለምን አያምኑኝም? እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ሳህኑ ሲነሳ ሼፉ ራሱ መጣ። ደስ ብሎት ስለ ሥራው ይነግረን ጀመር። ገብሱን ከየት እንዳመጣ፣ እንዴት እንደፈተገው። ቀጥሎም መረቁ በበሬ አጥንት ሌሊቱን ሙሉ ሲንተከተክ ማደሩን ነገረን። በኩራት ነው የተናገረው፤ ምንም አላጠፋም። የሐዋርያት ጾም ገና መፈታቱ ነው፤ ረመዳን ሊገባ ደግሞ ጥቂት ቀን ቀርቶታል።

እማማ አልጮኹም። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። ተነስተው ወደ መታጠቢያው ሄዱ። ውሃው ሲፈስ ይሰማኛል። ብዙ ጊዜ ተጉመጠመጡ።

የልጅ ልጃቸው አየኝ። «ጋሼ፣ ጠይቀው ነበር አይደል?» አለኝ።

«ጠይቄያለሁ» አልኩ። «የለበትም ብላኝ ነው።»

አያችሁ? አንዱን ውሸት በሌላ ሸፈንኩት። ልጁ ተናደደ፤ አስተናጋጇን ጠራ። ሥራ አስኪያጁም መጣ። ሃያ ዓመት የሚሞላት አትመስልም። ሰው ፊት ተቆጣት። «እኔ አልተጠየቅሁም» አለች። ወደ እኔ ዞረች። እኔ የጠረጴዛውን ልብስ እያየሁ ዝም አልኩ። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ሄደች።

ስሟን አላወቅሁም። በሳምንቱ ተመልሼ ሄጄ ነበር። የለችም። ተባራ ይሁን ለቃ የነገረኝ የለም፤ አጥብቄም አልጠየቅሁም። እዚያም አልጠየቅሁም።

ማታ እማማን ወደ ኩታበር ስመልሳቸው ዝናብ ነበር። መንገዱ ጭጋግ ነው። ብዙ ሄደን «ገብሱ ግን ሸጋ ነው» አሉ። እኔን ሊያጽናኑ። በማግሥቱ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ከዚያ በዒድ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በዒድ ሄድኩ፤ ቤቱ ሰው ሞልቷል። ቡናውን ጠጥቼ፣ ዱዓውን ተቀብዬ ወጣሁ። በ2007 አረፉ። የቀብራቸው ዕለት ሰው አፈር ሲያለብስ እኔ ስለዚያ ሾርባ አስብ ነበር። የልጅ ልጃቸው ይህን ጽሑፍ ያነባል። አንተ ልጅ፣ አልጠየቅኩም ነበር። ልጅቷ እውነቷን ነው።

አሁን ኮምቦልቻ ወዳለው ወዳጄ ልመለስ።

ጠይቅ። ሜኑው በየወቅቱ የሚቀየር ቤት ደግሞ ከሌላው ይልቅ መጠየቅ ያለበት ቤት ነው። ባለፈው ወር የበላኸው ሾርባና የዛሬው ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው ሊለያይ ይችላል። መረቁ ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። አትክልት የሚመስል ነገር በሥጋ መረቅ ይበስላል። ሶስ ውስጥ ወይን ጠጅ ይገባል። የሚርገበገበው ጣፋጭ ውስጥ ጄላቲን ሊኖር ይችላል፤ እሱ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው። የጾም የተባለው ላይ ቅቤ ወይም ወተት ይነካል። ዓሣ ከሆነ ከሐይቅ ነው ወይስ በረዶ ቤት የቆየ? አለርጂ ያለበት ሰውማ ጭራሽ ዝም ማለት የለበትም። ከተቻለ ቀድመህ ደውል። ደህና ሼፍ ከመጣህ በኋላ ከምትነግረው አስቀድመህ ብትነግረው ይመርጣል።

ዋጋም ጠይቅ። «የዕለቱ» ተብሎ ዋጋ ያልተጻፈበትን ሳታውቅ አትዘዝ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫት እና ሰርቪስ ቻርጅ ያላካተተ ሊሆን ይችላል፤ ግርጌ ላይ በትናንሽ ፊደል ይጽፉታል። አለቃህ ከጋበዘህ ይህ አይመለከትህም። ራስህ ስትጋብዝ ግን ይጠቅምሃል።

እናንተ የዛሬ ወጣቶች ደፋር ናችሁ ይባላል። እኔ አይመስለኝም። ስልክ ላይ ደፋሮች ናችሁ። አስተናጋጅ ፊት ሲቆም ግን አንገታችሁን ደፍታችሁ «እሱን» ብላችሁ በጣት ታሳያላችሁ። ምግብ ሲቀርብም ቢስሚላህ ወይም በስመአብ ሳትሉ ፎቶ ታነሳላችሁ። እህሉ ይቀዘቅዛል፤ አብሯችሁ ያለው ሰው ይጠብቃል። ይህን አልወደውም። ግን እውነቱን ልናገር፤ ከእማማ ጋር ያለኝ አንድ ፎቶ የዚያን ምሽት የልጅ ልጃቸው ያነሳው ነው። ሾርባው ገና እንደቀረበ ነው። ጎንበስ ብለው ገብሱን እያሸተቱ ነው። ስለዚህ አንሱ። ቶሎ አንስታችሁ ስልኩን አስቀምጡት።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። በልጅነቴ አጠገቡ ሳልፍ ስሙ ብዙ አይገባኝም ነበር። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ያቺ አስተናጋጅ ትዝ ትለኛለች። ይህን የምታነብ ከሆነ፣ እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አንተም ወንድሜ፣ እራቱ ማክሰኞ ነው ብለኸኛል። ስትጠይቅ ድምፅህን አትቀንስ። ምን እንዳቀረቡላችሁ ጻፍልኝ፤ ገብስ ካለበት የየት አገር ገብስ እንደሆነም ጠይቅልኝ።